ራም ልጨምር ወይስ ሀርድ ዲስኩን ልቀይር?

ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ፣ ኮምፒውተር የምታውቁ እስኪ ተባበሩኝ። ኮምቦልቻ ትንሽዬ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሀርድ ዲስኩ ያው የድሮው የሚሽከረከረው 500 ጂቢ፣ ጠዋት ስከፍተው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል፣ ወርድ ላይ ክሮም ከጨመርኩበትማ ቀጥ ነው። ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምኑ እንደተጨናነቀ የሚያሳየው መስኮት) ላይ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ሆኖ ይቀራል፣ ራሙ ግን 70 ምናምን ነው።

ደሴ ያሳየሁት ልጅ ሚሞሪው ሞልቷል ፎቶ አጥፊና ራም ጨምሪ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ራሙን ተይው በሀርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ) አስገቢ ይላል። ግን እኮ ራም የተከፈተውን ፕሮግራም ለጊዜው የሚይዝ፣ ሲጠፋ ባዶ የሚሆን አይደል እንዴ? ፋይሌ ያለው ዲስኩ ላይ፣ ታዲያ ፎቶ ባጠፋ ራሙን ምን ያቀለዋል?

ብሬ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው፣ የቱ ይቅደም? ራም ከሆነ ዓይነቱ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ሳልፈታው በምን ልወቅ፣ አንዱ ለሌላው አይገጥምም አሉ። ኤስኤስዲ ከሆነስ ዊንዶውሱም የደንበኛ ፋይሉም እንዳለ ይገለበጣል ወይስ ከዜሮ ነው የሚጫነው? ደሞ አብሽሪ ይሰራል ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ ሞዴሉ ካስፈለገ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ ልካለሁ።