አባቴን ሌዘር ላስደርገው ወይስ ፊዚዮቴራፒው (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናው) ላይ ልቆይ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የሚያውቅ ካለ ይምከረኝ። አባቴ ስትሮክ ከመታው 5 ወር ሆኖታል፣ ቀኝ ጎኑን ነው፣ እግሩ ተመስገን ነው በከዘራ እስከ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ እጁ ግን እስካሁን እንጀራ መቁረስ አልቻለም፣ በግራ አልበላም ብሎ አንዳንዴ ጾሙን ያድራል። አሁን አንድ የግል ክሊኒክ ጭንቅላቱ ላይ ሌዘር እናብራለት፣ የአንጎል ሴል ያነቃቃል፣ 20 ጊዜ ይመላለስ አሉን፣ ዋጋው አይወራም። እኔ ሳነብ ያገኘሁት ሌዘርን በስትሮክ ታማሚዎች ላይ የሞከሩ ኔስት የሚባሉ ሶስት ጥናቶችን ነው፣ 808 ናኖሜትር ብርሃን ነው የተጠቀሙት፣ ግን የሰጡት ስትሮኩ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፣ የመጀመሪያው 120 ሰው ላይ ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛው 660 ሰው ላይ ልዩነቱ በቂ አልሆነም፣ ሶስተኛው ጭራሽ አይጠቅምም ተብሎ መሃል ላይ ቆመ። ታዲያ 5 ወር ላለፈው እንዴት ነው የሚሰራው ስላቸው "ማሽኑ አዲስ ነው" አሉኝ፣ መልስ ነው ይሄ? እህቴ ከዲሲ ብሩን እልካለሁ አስጀምረው እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ እኔ ደግሞ ፊዚዮውን በሳምንት ከ2 ወደ 4 ቀን ባሳድግለት ይሻላል ባይ ነኝ። ከወራት በኋላ ሌዘር ተደርጎለት እጁ የተመለሰለት ሰው ታውቃላችሁ? ደም ማቅጠኛም ይወስዳል፣ ኒውሮሎጂስቱን ምን ምን ልጠይቀው?