ሃዋይ ላይ ኡኩሌሌ ልገዛ ነው፤ ኮሎራዶ ሲደርስ እንዳይሰነጠቅ ምን ላድርግ?

የቤቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ወር ለአሥር ቀን ሃዋይ ነን፤ ስድስቱን ቀን ኦአሁ ደሴት፣ አራቱን ማዊ ደሴት። ሁለት ኡኩሌሌ (ባለ አራት ክሩን ትንሽ የጊታር ዓይነት) ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ፤ አንድ ለራሴ፣ አንድ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ። ለራሴ እስከ 400 ዶላር፣ ለእሷ እስከ 100 መድቤአለሁ። ክራር ትንሽ ትንሽ እነካካለሁ፣ ጊታር ግን አልችልም።

ጥያቄዬ፦ ኦአሁ ላይ ጎብኚ የሚበዛበት ዋይኪኪ ካሉት ሱቆች ልግዛ ወይስ ወጣ ልበል? ኮአ የሚሉት እንጨት ዋጋውን ያወጣል? ሱቁ ውስጥ ቆሜ ደህናውን ከማይረባው በምን ልለየው? ደግሞም የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የዚህ አገር ድርቀት ይሰነጥቀዋል የሚባለው እውነት ነው?

ጣውላ በጣውላ

በ400 ዶላር እዚያው ሃዋይ የተሠራ አዲስ የኮአ ኡኩሌሌ አያገኙም። ይህን ቁርጡን አውቀው ቢሄዱ ግማሹ ውዥንብር ይቀልልዎታል። የደሴቶቹ ስመ ጥር ሠሪዎች ካማካ፣ ኮአሎሃ እና ካኒሌአ ናቸው። ካማካ ከ1916 ጀምሮ ሆኖሉሉ ውስጥ ይሠራል፤ የእሱ ሶፕራኖ (ትንሿ መጠን) እንኳ ሺህ ዶላር ትሻገራለች።

ኮአ ከሃዋይ ውጭ በተፈጥሮው የትም የማይበቅል ዛፍ ነው፤ ከኛው ግራር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ደኑ ለከብት ግጦሽ ብዙ ስለተመነጠረ እንጨቱ ውድ ሆነ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ መልኩም ያምራል። ማዕበል የመሰለ ሽብሽብ ያለው ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፤ ያ ሽብሽብ ግን ለዓይን እንጂ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር የለም። ሻጩ «ሦስት ኤ» «አራት ኤ» እያለ ደረጃ ቢጠራልዎት፣ ሁሉም ሱቅ የሚስማማበት መለኪያ እንደሌለ ይወቁ።

ሰው የሚሸወደው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ «አካሺያ» የሚል ጽሑፍ፦ ኮአ የዚያ ወገን ስለሆነ ከእስያ የሚመጣ ሌላ አካሺያ አጠገቡ ሲሰቀል ኮአ ይመስላል፤ ዋጋው ግን የትየለሌ ያንሳል። ሁለተኛ ከላይ ስስ የኮአ ልባስ የተለጠፈበት ኮምፔርሳቶ። ሦስተኛ «ዲዛይንድ ኢን ሃዋይ» የሚለው ነው፤ ይህ «ሜድ ኢን ሃዋይ» ማለት አይደለም። በደሴቶቹ ሕግ «ሜድ ኢን ሃዋይ» ለመባል ቢያንስ 51 በመቶ የሚሆነው የጅምላ ዋጋው እዚያው የተጨመረ መሆን አለበት። ከሃዋይ ሠሪዎችም ውጭ አገር የሚያሠሩት አላቸው፤ የኮአሎሃ «ኦፒዮ» ታይላንድ ነው የሚሠራው፣ የካኒሌአ «አይላንደር»ም ከእስያ ነው የሚመጣው። አይደብቁትም፤ ጥራታቸውም ደህና ነው።

ኮምፔርሳቶውን ከሙሉ ጣውላ ለመለየት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልክ መብራት ይዩ። ፊት ላይ የሚታየው የእንጨት መስመር ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ውስጥ ከወረደ ሙሉ ጣውላ ነው። እንደ ሳንድዊች ሦስት ድርብ ከታየ፣ መካከሉም ሌላ ቀለም ከሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። ጠርዙ በጥቁር ቀለም ከተሸፈነ ወይም በጌጥ ከታሰረ ጀርባውን ያነጻጽሩ፦ ከውጭ ያለ ጉጥ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ከውስጥም በዚያው ቦታ መታየት አለበት።

ሱቁን በተመለከተ፣ ዋይኪኪም ውስጥ ኡኩሌሌ ብቻ የሚሸጥ ባለሙያ አለ። የማይገዛው ከፀሐይ ክሬምና ከቲሸርት ጎን የተሰቀለው፣ ዘንባባ የተሣለበት የ30 ዶላሩ ነው። ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተሰካው የብረት መስመር) ያለቦታው ይተከላል፣ መቃኛው ይንሸራተታል፤ ልጅቷ «እኔ አልችልም» ብላ የምትተወው በዕቃው ጥፋት ነው። መኪና ከተከራዩ ከዋይኪኪ አንድ ሰዓት ያህል ነድተው ሃሌይዋ ይሂዱ፤ እዚያ ያለው «ዘ ኡኩሌሌ ሳይት» የተባለው ሱቅ ምርጫው ብዙ ነው። ማዊ ላይ ዋይሉኩ ውስጥ «ሜሌ ኡኩሌሌ» አለ።

እኔ ብሆን በ400ው የማሆጋኒ ሙሉ ጣውላ፣ ኮንሰርት የሚባለውን፣ ከሶፕራኖ ከፍ ያለውን መጠን እገዛለሁ።

ክርና ቅኝት

እህቴ፣ ሱቅ ስትገቢ ስልክሽ ላይ መቃኛ አፕ ጫኚ፤ ኪስሽ ውስጥ አንድ ኒኬል (ባለ 5 ሳንቲሙን)፣ አንድ ዳይም (ባለ 10ሩን) እና አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዢ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ በትክክል ይቃኝ፦ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። ከዚያ እያንዳንዱን ክር ባዶውን ምቺው፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነሽ ምቺው። ሁለተኛው ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። አፑ የሚያሳየው ልዩነት እስከ 5 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ10 ካለፈ ጆሮ ይይዘዋል፣ ተይው። አሁን 1ኛው ፍሬት ላይ ተጫኚ። ድምፁ መሆን ካለበት በጣም ከፍ ካለ፣ አናቱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነት የተባለው ቁራጭ ጥርሱ በደንብ አልተሞረደም ማለት ነው። ርካሽ ኡኩሌሌ ላይ በብዛት የሚገኘው ጥፋት ይህ ነው። ጣትን ያደክማል፣ ኮርዱንም (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ሁሉ ያበላሻል። ሆኖም በአምስት ደቂቃ ሞረድ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ባለሙያ ሱቅ ሳይከፈለው ይሠራልሻል፣ ጠይቂ።

የክሩን ከፍታ በሳንቲም ለኪ። ኒኬል ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ አስቀምጪው፤ ክሩ ሳይነካው ትንሽ ክፍተት ከተረፈ ደህና ነው፣ የሚፈለገው 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኒኬሉ ላይ ዳይም ደርበሽ ሁለቱም ካለፉ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ታች ክሮቹ የሚታሰሩበት በርኩማ ላይ የተቀመጠው አጥንት ዝቅ ይደረግልሽ። ኒኬሉ ብቻውን ካላለፈ ደግሞ ክሩ ዝቅ ብሏል፣ ይንጫረራል። ለማረጋገጥ ክሮቹን በሙሉ ፍሬት በፍሬት ጠንከር አድርገሽ ምቺ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ዝዝዝ» ካለ ያ ፍሬት ከጎረቤቶቹ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል።

ወረቀቱን በበርኩማው የኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞክሪ። ከገባ ኮላው መልቀቅ ጀምሯል።

በመጨረሻ ጣትሽን በአንገቱ ጎን ከላይ እስከ ታች አንሸራቺው። የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጨረሽ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ብረቱ ግን ስለማይኮማተር ወጥቶ ቀርቷል። ያን የመሰለ እርጥብ አገር ላይ እንዲህ ከሆነ ኦሮራ ሲደርስ አስቢው።

መቃኛውንም እዪ፦ ለጀማሪ ጥርስ ያለው የጊታር ዓይነት ይሻላል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚወጣው ባለ ብሎን መቃኛ አንዴ ሲዞር ብዙ ይዘላል።

እርጥበት 49

ጣውላ በጣውላ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ከመጨረሻዋ ምክር በስተቀር። ለኦሮራ ሙሉ ጣውላ? ለመጀመሪያ ዕቃ አይመከርም።

የሆኖሉሉ የአየር እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ነው። ኮሎራዶ ክረምት ላይ ማሞቂያ የበራበት ቤት ውስጥ 20 በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል። እንጨት የሚመቸው ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ነው። ሙሉ ጣውላ ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ዙሪያው በኮላ ስለተያዘ መሸሻ የለውም፣ ስለዚህ ፊቱ መጀመሪያ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ በመስመሩ ይሰነጠቃል። ኮምፔርሳቶ ድርቦቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጣበቁ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ እምብዛም አይሰነጠቅም። ድምፁ ትንሽ ያንሳል፤ ከ150 እስከ 200 ዶላር የሚሸጥ ደህና ኮምፔርሳቶ ግን ከተሰነጠቀ የ400 ዶላር ዕቃ ይበልጣል። የደሴቱ ከፍታ ከኦሮራ ከፍታ ጋር መለያየቱ አያስጨንቅዎት፤ ጠላቱ ድርቀቱ ነው።

ሙሉ ጣውላ ካሰኘዎት ሦስት ነገር አብረው ይግዙ፦ በደንብ የሚዘጋ ጠንካራ ሳጥን፣ ከ10 እስከ 15 ዶላር የሚሸጥ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ፣ እና ቦቬዳ የሚባለው ባለ 49 በመቶ ከረጢት። ከረጢቱ እርጥበት ሲጎድል ይሰጣል፣ ሲበዛ ይመጥጣል፤ እንደ ካርቶን ሲደርቅ ይቀየራል። በቤት ለመሥራት የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ በተጣራ ውኃ የረጠበ ስፖንጅ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እስኪበቃው ይጨመቅ፣ አንዲት ጠብታ እንጨቱ ላይ ብታርፍ ቨርኒሹን ታነጣዋለች።

ኡኩሌሌ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቦታው ሳጥኑ ውስጥ ነው። የዋስትና ወረቀቱንም ሳይፈርሙ ያንብቡ፤ በድርቀት የመጣ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም።

ጣውላ በጣውላ

ስለ ድርቀቱ አልከራከርም። ግን ክራር የለመደ ጆሮ የኮምፔርሳቶ ድምፅ በስድስት ወሩ ይሰለቸዋል። ከረጢቱን በየጊዜው የሚቀይር ሰው ከሆኑ ሙሉ ጣውላ፤ የሚረሱ ከሆነ ኮምፔርሳቶ። ለልጅቷ ግን ያለ ጥርጥር ኮምፔርሳቶ ሶፕራኖ።

የቤቲ እናት

በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምረሳው ዓይነት ነኝ፣ ስለዚህ ኮምፔርሳቶ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ነገር ልጨምር፦ አውሮፕላን ላይ በእጅ ይገባል? ታክሱስ ለጎብኚ ይመለሳል? ደግሞ ትዝታ ይወጣበታል ወይ?

መንገደኛ ሻንጣ

በእጅ ይዘሽ ግቢ፤ ሻንጣ ክፍል አትስጪው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው ደንብ፣ ስትሳፈሪ ከላይ ባለው መደርደሪያ ቦታ ካለና ዕቃው ከገባ፣ አየር መንገዱ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ መቀበል አለበት። ግን እንደ አንድ የእጅ ሻንጣ ይቆጠራል፤ ርካሹ ትኬትሽ የእጅ ሻንጣ የማይፈቅድ ከሆነ ያንኑ ክፍያ ታወጪያለሽ። የሶፕራኖ ርዝመት 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የኮንሰርት 60 ገደማ፣ ሳጥኑ ሲጨመር የተለመደውን የ56 ሴንቲ ሜትር ልክ ያልፋል፤ በሰፊው መደርደሪያ ግን በደንብ ይገባል። ቶሎ ተሳፈሪ፣ መደርደሪያው ከሞላ ደንቡ አያስጥልሽም።

ወደ ዋናው አሜሪካ ስትመለሺ ሻንጣሽ ሁሉ በግብርና ፍተሻ ያልፋል። የሚፈለገው ፍራፍሬና ተክል ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ እንጨት ችግር የለበትም። ሳጥኑ ውስጥ ማንጎ አትደብቂ እንጂ።

ታክሱ አይመለስም። ኦአሁ ላይ ደረሰኙ 4.712 በመቶ ይላል፤ በ400 ዶላር ላይ 18.85 ነው፣ ኦሮራ ከምትከፍዪው ያነሰ ማለት ነው። ሱቁ በፖስታ እስከ መኖሪያሽ ድረስ ቢልክልሽ የሃዋዩ ይቀራል፣ የኮሎራዶው ግን ሊጠየቅሽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ፦ ገዝተሽ ባሕር ዳርቻ ስትዋኚ መኪና ውስጥ አትተዪው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ኮላው ይለሰልሳል፣ በርኩማው በክሩ ጉተታ ይነሣል።

ክርና ቅኝት

ትዝታማ ባዶውን ተሰቅሎም አለ! የትዝታ ሜጀር ድምፆች ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። አራቱ ባዶ ክሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው፤ የጎደለችው ዲ ብቻ ናት። እሷም ሲ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አለች። በተራ ለመውጣት፦ ሲ ባዶ፣ ሲ 2ኛ፣ ኢ ባዶ፣ ኢ 3ኛ፣ ኤ ባዶ፣ ኤ 3ኛ። ለትዝታ ማይነር ኢ እና ኤ በግማሽ ዝቅ ይላሉ፤ ሲ ክር 3ኛና ኢ ክር 4ኛ ላይ ታገኛቸዋለሽ፣ የኢንና የኤን ባዶ ክር ግን አትንኪ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ ላይኛው ጂ ክር ቀጭን ነው፣ ድምፁ ከሲውም ከኢውም በላይ ነው። ለዜማ ወደ ታች መውረድ ከፈለግሽ «ሎው ጂ» የተባለውን ወፍራም ክር በቦታው አስገቢ። ግን ነቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ለቀጭኑ የተሞረደ ስለሆነ ወፍራሙ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሳለሽ ይቀይሩልሽ፣ ቀዳዳውንም ያስፉልሽ።

አዲስ ክር ለመጀመሪያው ሳምንት በየአሥር ደቂቃው ይወርዳል። መቃኛው ተበላሸ ብለሽ ሱቁ አትመልሺው፤ ክሩን በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳብ ሳብ እያደረግሽ ደጋግመሽ ቃኚው።