የ2019 ካላንደራችን፦ ለአሥራ ሦስት ወር አሥራ ሦስት መድፈኛ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
ሰላም የአርሰናል ደጋፊዎች ማኅበር አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። እሑድ የተስማማንበት ይህ ነው፦ የ2019 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር እናሳትማለን፤ በየወሩ አንድ የቀድሞ የአርሰናል ተጫዋች (መድፈኛ) ይኖራል፤ ትርፉ ለሰፈራችን ታዳጊዎች ኳስና ታኬታ መግዣ ይሆናል። ያልተስማማነው ማን ይግባ በሚለው ነው። አንዱ ሄንሪ ሲል ሌላው ቪዬራ ሲል፣ ሻይ ቤቱ ሊዘጋ ነው ውጡ ተባልን።

አሁን አንድ ደንብ ላቅርብ። "ምርጡ ማነው?" የሚለውን እንተወው። እሱ በመቶ ዓመትም አያልቅም። ተጫዋቹ የሚገባው በቀኑ ይሁን። ያ የማይረሳው ነገር በእኛ አቆጣጠር በየትኛው ወር ሆነ? እዚያው ወር ላይ ይቀመጥ። ማታ ቁጭ ብዬ ቀኖቹን ወደ እኛ መመለስ ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው ራሱ አስደነገጠኝ።

ዴኒስ ቤርካምፕ ኒውካስል ላይ ያስቆጠራትን ታስታውሳላችሁ። ፒሬስ አቀበለው። ቤርካምፕ ኳሷን በአንድ ወገን አሳልፎ፣ እሱ በሌላው ወገን ዞሮ፣ ዳቢዛስን መሀል ላይ እንደ ምሰሶ አቁሞት ሄደ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2002 ነው። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1994። የዓድዋ በዓል ዕለት! እኔ ያንን ግብ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ይህን አስቤው አላውቅም።

ገንዘብ ያዥ፦
አቦ፣ የካቲት ተዘጋ በቃ። እዚህ ላይ የሚከራከር ካለ ከኪሱ ያሳትም።

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦
ደንቡ ጥሩ ነው ልጄ። ግን በደንብህ መሠረት ግንቦትን ለኔ ተውልኝ። የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ሻምፒዮን ለመሆን በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረብን። አለን ስሚዝ አንዷን አገባ። ሁለተኛዋን ማይክል ቶማስ ያገባት መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1989፤ በእኛ ግንቦት 18 ቀን 1981። መፈንቅለ መንግሥቱ የተሞከረው ግንቦት 8 አይደል? ልክ በ10ኛው ቀን ማለት ነው። በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ራዲዮ የሚከፈተው ለሌላ ነገር ነበር። ውጤቱን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ በሹክሹክታ ነው። የኳስ ወሬ በሹክሹክታ ሲነገር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ግንቦት የእርስዎ ነው። ቶማስ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቆይቶ ወደዚያው ወደ ሊቨርፑል መሄዱን ግን ከሥዕሉ ሥር አንጽፍም።

ሠዓሊው፦
"ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቆይቶ" ምን ማለት ነው ጸሐፊያችን? የሄደው በ1991 መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ። ጽሑፉን ሌላ ሰው ይይልን።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ሌሊት ስለጻፍኩት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል። እንቀጥል።

ለንደን ያለችው እህታችን፦
ሚያዝያ ላይ ማን አላችሁ?

ጸሐፊ፦
ቶኒ አዳምስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1990። ኤቨርተንን 4 ለ 0፣ ዋንጫው የተረጋገጠበት ጨዋታ። ስቲቭ ቦልድ አቀበለው፣ ተከላካይ ለተከላካይ፣ በግራ እግሩ ለጋት። በ21 ዓመቱ አምበል ሆኖ በሦስት የተለያዩ አስርት ዓመታት ሊጉን ያነሳ ሰው ነው።

ለንደን ያለችው እህታችን፦
ገምቼ ነበር። እስካሁን የጠራችኋቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው እኮ። ሚያዝያ 13 ቀን 1999፣ ስዊድን፣ ኡሜዮ ከተማ። የአውሮፓ ሴቶች ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ። የባከነ ሰዓት ጭማሪ ላይ አሌክስ ስኮት ከርቀት መታችው፣ ገባ። እሷም ተከላካይ ናት፣ ቀኝ መስመር። የመልሱ ጨዋታ 0 ለ 0 አለቀ። በደርሶ መልስ አንድ ግብ ብቻ፣ የሷ! ያንን ዋንጫ ከእንግሊዝ መጀመሪያ የወሰደ ክለብ አርሰናል ነው። ደንባችሁ ቀን ከሆነ፣ ይኸው ቀን።

ገንዘብ ያዥ፦
አዳምስን ግን እንዴት እናስወጣለን? እኔ አልችልም።

ጋሼ፦
ማን አስወጣ አለህ? አምበል ከፊት ነው የሚቆመው። አዳምስን ሽፋኑ ላይ አድርጉት፣ ሚያዝያን ለእሷ ስጧት።

ለንደን ያለችው እህታችን፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ!

ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። አሁን ታኅሣሥ። እኔ ሄንሪን አስቤ ነበር። በውሰት ተመልሶ ሊድስ ላይ ያገባት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2004፣ በገና ማግስት ማግስት። ተቀይሮ በገባ በአሥር ደቂቃ ገደማ።

ጋሼ፦
ሊያም ብሬዲ የት ሊገባ ነው? ታኅሣሥ 14 ቀን 1971፣ ስፐርስን (ቶተንሃምን) በሜዳቸው 5 ለ 0። በግራ እግሩ የውጪ ጎን መትቶ ያጠመዘዛት ኳስ። ከዚያ ወዲህ ያንን እግር አላየሁም። ወጣቶቹ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት።

ሠዓሊው፦
እኔ ላስታርቃችሁ። ሄንሪ ኅዳር 7 ቀን 1995 አለው። እሱም ስፐርስ ላይ ነው፣ 3 ለ 0 ያሸነፍንበት። ኳሷን ከራሳችን ሜዳ ይዞ ሄዶ ካገባ በኋላ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ በጉልበቱ ተንሸራተተ። ከስታዲየሙ ውጪ የቆመው ሐውልቱም ያንኑ ነው የሚያሳየው። ለመሳል ደግሞ ከሊድሱ ይሻላል። ብሬዲ ታኅሣሥን ይውሰድ።

ጸሐፊ፦
ሁሉም ዳነ። ጥቅምት ካኑ ነው፣ ማንም አልተከራከረም፦ ጥቅምት 12 ቀን 1992፣ ቼልሲ ሜዳ፣ 2 ለ 0 ተመርተን ሳለ በ15 ደቂቃ ሀትሪክ (ሦስት ግብ)። መጋቢት ሮካስል ነው። መጋቢት 22 ቀን 1993 በ33 ዓመቱ በካንሰር ያረፈበት ዕለት፣ ቡድኑ ስፐርስን 2 ለ 0 አሸነፈ። አንዷን ግብ ያገባው የእሱን 7 ቁጥር የለበሰው ፒሬስ ነው። ይህ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አይገባም።

ሐምሌ ላይ ሊግ የለም። ግን ሐምሌ 5 ቀን 1990 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ፈረንሳይ ብራዚል ላይ ሦስተኛዋን ስታገባ አቀባዩ ቪዬራ፣ አግቢው ፔቲ። ሁለት ሰው በአንድ ወር፣ በልዩ ፈቃድ። ጥር፣ ሰኔና ነሐሴ ገና ክፍት ናቸው፤ ሐሳብ ያለው ከነቀኑ ያምጣ።

የመርካቶው አባል፦
ጳጉሜንስ?

ጸሐፊ፦
እሱ ነው ያስቸገረኝ። ጳጉሜን ብዙ ጊዜ የብሔራዊ ቡድኖች ሳምንት ላይ ይወድቃል። ጨዋታ የለም።

የመርካቶው አባል፦
እንግዲያው ተቀያሪ ይግባበት። ክሪስቶፈር ሬህ! ላይቤሪያዊው፣ የጆርጅ ዊያ ዘመድ። እ.ኤ.አ. በ1998 እነ ራይት በተጎዱ ጊዜ ዊምብልደንን 1 ለ 0፣ ቦልተንን 1 ለ 0፣ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዎልቭስን 1 ለ 0። ሦስቱንም እሱ ነው ያገባው። በዚያ ዓመት ሁለቱንም ዋንጫ፣ ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን፣ ወሰድን። ከዚያ በኋላ ጠፋ። እንደ ጳጉሜን አጭር ነው፣ ግን ያለሱ ዓመቱ አይሞላም።

ጋሼ፦
2019 ደግሞ ጳጉሜን 6 ናት። አንድ ቀን ተጨመረለት።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ወደ ብሩ። ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደን አናትምም፤ ፎቶው ባለቤት አለው። የክለቡን ዓርማም አንነካም። ቀይና ነጭ ይበቃል፣ ሥዕሉን ሠዓሊያችን ይሥራው። የውርርድ ድርጅት ስፖንሰር እንዲያደርገን የጠየቃችሁ አላችሁ። ታኬታ የምንገዛው ለልጆች ነው፣ እኔ አልፈርምም። ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። አምና ቲሸርቱን ለመስከረም ቀጥሮን በጥቅምት ያስረከበን ጋ አልሄድም። ካላንደር ከእንቁጣጣሽ በኋላ የሚገዛ የለም። ሥዕሉ ሰኔ 30 ካላለቀ ቀብድ አልከፍልም።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው ይህ ነው፦

"ማኅበሩ በቀድሞ የአርሰናል ተጫዋቾች ላይ የተመሠረተ የ2019 ካላንደር ያሳትም። ምርጫው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚታወስ ቀንን ይከተል። ሥዕሎቹ በአባላችን በእጅ የተሣሉ ይሁኑ። የውርርድ ማስታወቂያ አይኑር። ሥዕል እስከ ሰኔ 30፣ ሕትመት በሐምሌ፣ ሽያጭ ከነሐሴ አጋማሽ።"

ማስተካከያ ያለው እስከ ቅዳሜ ይጻፍ።

ሠዓሊው፦
አንድ ጥያቄ። መስከረም ኢያን ራይት ነው አይደል? መስከረም 3 ቀን 1990፣ ቦልተን ላይ የክሊፍ ባስቲንን የ178 ግብ የክለቡን ክብረ ወሰን የሰበረበት። ግን 178ኛዋን ሲያገባ፣ ገና እኩል እንደሆነ፣ ቸኩሎ ማልያውን ገለጠና ከውስጥ 179 የሚል ከናቴራ አሳየ። ደግነቱ ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛዋን አገባ። የትኛውን ልሣል? የተሳሳተውን ወይስ ትክክለኛውን?

ጋሼ፦
የተሳሳተውን።

ለንደን ያለችው እህታችን፦
የተሳሳተውን!

ገንዘብ ያዥ፦
የፈለጋችሁትን። ብቻ ከሰኔ 30 በፊት።