የዕቅድ ውይይት፦ ሞተር ሲጠፋ የሚሰጥ ሥልጠና በምስለ በረራ (ረቂቅ 2)

አስተባባሪ፦ እስካሁን የተስማማንበት አንድ ነገር ነው፦ ከመነሣት እስከ 500 ጫማ ድረስ ሞተር የማጥፋት ልምምድ በምስለ በረራ (በረራን መሬት ላይ በሚያስመስል መሣሪያ) ብቻ ይሁን። በቀረው ላይ ሐሳብ ስጡ።

አንጋፋ አስተማሪ፦ እስማማለሁ። ግን መሣሪያው በባሕር ጠለል ከፍታ ከተሞላ ምን ይጠቅመናል? ባለ ሁለት ሞተሩን የሥልጠና አውሮፕላን ፓይፐር ሴሚኖልን ውሰዱ። ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ ሞተር መውጣት የሚችለው እስከ 4 ሺህ ጫማ ገደማ ነው፤ ቦሌ ደግሞ 7 ሺህ 600 ገደማ ላይ ተቀምጧል። እዚህ የተረፈው ሞተር ቁልቁለቱን ያዘገያል እንጂ ሽቅብ አይወስድም። ሠልጣኙ ግን በሰማያዊው መስመር (በአንድ ሞተር የተሻለ መውጣት በሚገኝበት ፍጥነት) 88 ኖት ከያዘ የሚወጣ ይመስለዋል። «የሜዳው ከፍታና የዕለቱ ሙቀት ይሞላ» የሚል ይግባልኝ።

ወጣት አስተማሪ፦ ካፒቴን ባሉት ላይ ልጨምር። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ቀዩ መስመር፣ ማለት በአንድ ሞተር አውሮፕላኑን መቆጣጠር የሚቻልበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይወርዳል፤ የስቶል ፍጥነት (ክንፉ ማንሳት የሚያቅተው) ግን ባለበት ነው። በሴሚኖል ሁለቱ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። ከፍታ ላይ ስቶሉ ይቀድምና አውሮፕላኑ መሽከርከር ሊጀምር ይችላል። ፍጥነቱን እስከ ቀዩ መስመር አውርዳችሁ በአየር ላይ የምታሳዩ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት።

የጥገና ባለሙያ፦ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ የመጫወቻ ፔዳል በምስለ በረራ ስም እንዳይገዛ እሰጋለሁ። «እግርህ ሥራ የፈታበት በኩል ያለው ሞተር ነው የጠፋው» ስትሉ የሚያስተምረው የፔዳሉ ክብደት ነው።

አንጋፋ አስተማሪ፦ ልክ ነው። በቅርቡ አንድ ሠልጣኝ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አሳምሮ ሠራ። በአራተኛው እጁ የደህናውን ሞተር የፕሮፔለር ማንሻ (ሲሳብ ፕሮፔለሩን የሚያቆመውን) ይዟል። ዝም አልኩት፤ ሳበው። ሁለቱም ጸጥ! ከዚያ ወዲህ ማንሻ ከመሳቡ በፊት ጋዙን ቀንሶ ለውጥ መኖሩን ያያል። በአየር ላይ ቢሆን እጁን መያዝ ነበረብኝ፤ ትምህርቱም እዚያው ይቀር ነበር።

አስተባባሪ፦ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሠልጣኙ የሜዳው ከፍታና ሙቀት በተሞላበት፣ ክብደት ባለው ፔዳል በሚሠራ ምስለ በረራ የጠፋውን ሞተር ለይቶ በጋዝ ያረጋግጣል፤ አስተማሪውም ስህተቱ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ይተወዋል።»

የሠልጣኞች ተወካይ፦ «የትኛው እንደሚጠፋ ሳይነገረው» የሚል ጨምሩበት። ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ ስለሚዞሩ የትኛውም ሞተር ቢጠፋ ልዩነት በሌለበት በሴሚኖል እንኳን ሁልጊዜ የምታጠፉብን ግራውን ነው።

አስተባባሪ፦ ገብቷል።