የዕቅድ ውይይት፦ ረዳቶችና አካል ጉዳተኛ ሴቶች በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ

አስተባባሪ፦
እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የምናስገባው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸውና። «አካል ጉዳተኛ ሴቶችን ቤት ውስጥ የሚረዱ ሠራተኞች የጽሑፍ ውል፣ በቀን የ8 ሰዓት ሥራና በሳምንት የአንድ ቀን እረፍት ይኑራቸው። ተረጂዎችም በክብር ይያዙ።» ያልተመቻችሁን በግልጽ ጻፉ።

ከጉለሌ፣ ዊልቸር ተጠቃሚ፦
መጀመሪያ «ተረጂ» የሚለው ይውጣልኝ። እኔ ደመወዝ የምከፍል አሠሪ ነኝ። ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አንብቡት። አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራዋን እንድትሠራ አሠሪው ረዳት እንዲመድብላት ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ያቺ ረዳት የምትጠብቀኝ ቢሮ ነው። ጠዋት ከአልጋ አንስታ፣ አጥባ፣ አልብሳ ታክሲ ድረስ የምታደርሰኝን ልጅ የምከፍላት ከራሴ ኪስ ነው። ከደመወዜ ግማሹ ለሷ ይሄዳል። ይገባታል፤ እንዲያውም ያንሳታል። 8 ሰዓት ይሁን ስትሉ እስማማለሁ። ሌሊትስ ማን ያገላብጠኛል? ካልተገላበጥኩ ገላዬ ይቆስላል። ሁለተኛ ረዳት ለመቅጠር ደግሞ አቅም የለኝም።

ከአቃቂ፣ ረዳት፦
እህቴ ያለችው እውነት ነው። እኔ የምሠራላት ሴትም ጥሩ ሰው ናት፤ እንደ እህትማማች ነው የምንኖረው። ግን ሌሊት ሁለት ሦስቴ እነሳለሁ። ጠዋት ብቻዬን ተሸክሜ ዊልቸሯ ላይ አስቀምጣታለሁ። ወገቤ ተጎድቷል። ሰው እንዴት እንደሚነሳ ያሳየኝ የለም። ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገሪያ ጣውላ እንዳለ የሰማሁት ባለፈው ስብሰባችን ነው። ሥልጠና ይግባበት። ሌላው፣ ደላላው ያስገባኝ «የቤት ሠራተኛ» ብሎ ነው። አበስላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ እሷንም እንከባከባለሁ። ይሄ ሥራ የራሱ ስም ይኑረው።

የሕግ ባለሙያ አባል፦
ትልቁ ክፍተት እዚህ ጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም እንደኛ ቤት ውስጥ የሚሠራውን፣ አይሸፍንም። እዚያው አንቀጽ 3 ላይ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዚህን ሥራ ሁኔታ ደንብ አውጥቶ እንዲወስን ይላል። ስለዚህ «እረፍት ይሰጠን» ብቻ አንበል። «ደንቡ ይውጣ፣ የግል ረዳትም በስሙ ይጠቀስ» እንበል። ያኔ የምንይዘው ነገር ይኖረናል። ለጉለሌዋ እህቴ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 19 የግል ረዳትን በግልጽ ያነሳል። ግዴታውን የገባው መንግሥት እንጂ አንቺ አይደለሽም። የረዳት ክፍያ ድጎማ በጀት ይያዝለት ብለን እንጠይቅ።

ከኮልፌ፣ ዓይነ ስውር፦
የባንክ ምስጢር ቁጥሬን የምታውቀው ረዳቴ ናት። እግዜር ይስጣት፣ ታማኝ ናት። ከሷ በፊት የነበረችው ግን ትመታኝ ነበር። የት ሄጄ ልናገር? ፖሊስ ጣቢያ የምትመራኝም እሷው ነበረች። ረዳትም ብትሆን የቤቱ ወንድ ቢተናኮላት የምትነግረው የላትም። አዋጅ 568 አሠሪው አካል ጉዳተኛ ሴቶችን በሥራ ቦታ ከሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ቤታችን ውስጥስ? ሁለታችንም ያለ ሌላዋ እርዳታ የምንደውልበት መስመር ይጠየቅ። መስማት ለተሳናቸው በጽሑፍ መልእክት ይሥራ። ደግሞ ገላዬን የምታጥበኝን ራሴ ልምረጥ። እስካሁን የሚመርጡልኝ ወንድሞቼ ናቸው።

አስተባባሪ፦
«ተረጂ» ወጥቷል። አዲሱ ረቂቅ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ደንቡ ይውጣ፣ የግል ረዳትነት ሥራ ተብሎ ይታወቅ፣ ድጎማ ይመደብ፣ ከዚያ ውል፣ እረፍትና ሥልጠና። የረዳት ምርጫና የአቤቱታ መስመር ራሳቸውን ችለው ይጻፋሉ። ድጎማውን ከእረፍቱ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ገንዘቡ ካልመጣ የረዳቷ እረፍት የሚከፈለው በጉለሌዋ እህታችን ገላ ነው። የሌሊቱን ተረኛ ግን ገና አልፈታነውም። በአካል ተገናኝተን እንጨርሰው። የአቃቂዋ እህታችን የምትወጣው እሁድ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ስብሰባውን ከቅዳሜ ወደ እሁድ 9 ሰዓት አዙሬዋለሁ። ደረጃ የሌለው አዳራሽ የምታውቁ እስከ ረቡዕ ንገሩኝ።