ለቤት ወርክሾፕ ንጹህና ደረቅ የኮምፕሬሰር አየር እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ

አዲስ አበባ በመኖሪያ ግቢዬ ውስጥ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ የእንጨት ዕቃ እየሠራሁ ላክር (የሚያብረቀርቅ የእንጨት ቅብ) እረጫለሁ። ኮምፕሬሰሬ ባለ 100 ሊትር ታንክና ዘይት የሚደረግበት ሲሆን፣ የውኃ ማጣሪያው ልክ ከታንኩ መውጫ ላይ ተገጥሟል። በበጋ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ክረምት ሲገባ ግን ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ከመርጫው አፍ የውኃ ጠብታ ይወጣል፣ ላክሩም አንዳንዴ ነጭ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። የተሻለ ማጣሪያ ልግዛ ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ 1

ማጣሪያውን ከመቀየርዎ በፊት ቦታውን ይቀይሩ። እንዲህ ያለ ማጣሪያ የሚይዘው ጠብታ የሆነውን ውኃ እንጂ ተን የሆነውን አይደለም። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ትኩስ ስለሆነ ውኃው በተን መልክ ማጣሪያውን አልፎ ይሄድና፣ ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ መርጫዎ ላይ ይደርሳል።

በቁጥር እንየው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ የውኃ ተን ይሸከማል፤ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ 12 ግራም ያህል ይዟል ማለት ነው። በደቂቃ 200 ሊትር የሚስብ ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ቢሠራ በአንድ ሰዓት 12 ሜትር ኩብ አየር፣ ከዚያም ጋር ወደ 145 ግራም ውኃ ያስገባል። ያ ሁሉ አየር በ8 ባር ግፊት ሲታመቅ ወደ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይወርዳል። ተመልሶ ወደ 20 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 18 ግራም ያህሉን ብቻ በተን መልክ ያስቀርና የቀረውን፣ ከአንድ ቡና ሲኒ የሚበልጠውን፣ ጠብታ አድርጎ ይጥለዋል። በ60 ዲግሪ ላይ እያለ ግን ሙሉውን ሊሸከም ስለሚችል፣ ማጣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ በታንኩና በማጣሪያው መካከል ቢያንስ 10 ሜትር ያህል የብረት ወይም የመዳብ ቧንቧ አስገብተው አየሩን አስቀድመው ያቀዝቅዙት፤ የታንኩን ውኃም ሥራ በጨረሱ ቁጥር ያፍስሱ።

ነጩ ጉም ግን ከቧንቧው ላይሆን ይችላል። ላክሩ ውስጥ ያለው ቲነር ፈጥኖ ሲተን ገጽታውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ የክፍሉ እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍበታል። ዝናብ እየዘነበ አለመርጨትና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር መጠቀም የሚረዳው ለዚህኛው ችግር ነው።

መልስ 2

በቀደመው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ቧንቧው ግን ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ርካሽ ነው ብለው የፒቪሲ ቧንቧ እንዳይዘረጉ እለምንዎታለሁ። ፒቪሲ ውኃ ተሸክሞ ሲሰነጠቅ ያፈሳል፤ የታመቀ አየር ተሸክሞ ሲሰነጠቅ ግን ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም እንደ ጥይት ይበተናል። በዕድሜና በሙቀት ይበልጥ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ ዛሬ ግፊቱን መቻሉ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ዋናውን መስመር በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያደረጉ ያውርዱት፤ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ ቁራጭ ቧንቧና ማፍሰሻ ቫልቭ ይግጠሙ። ወደ መርጫው የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከዋናው መስመር ጀርባ፣ ማለትም ከላይ ቢያወጡት በሥር የሚፈሰው ውኃ አይከተለውም። ክብ ክብ ጉድጓዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ዘይት ወይም ሲሊኮን ስለሆነ፣ ከውኃ ማጣሪያው ቀጥሎ ለደቃቅ የዘይት ጉም የተሠራ ሁለተኛ ማጣሪያ ያስፈልግዎታል።

መልስ 3

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰርዎ ታንኩን ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይበልጥም ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣው ቧንቧ እዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለላክር ሥራ ደግሞ በመጨረሻ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር መሰል ነገር) የያዘ ማድረቂያ ቢጨምሩ ጥሩ ነው። ብርቱካናማው ዓይነት እርጥበት ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ በ120 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ሲደርቅ መልሶ ያገለግላል። ሳይቀዘቅዝና ሳይጣራ የመጣ አየር ከገባበት ግን በአጭር ጊዜ ይጠግባል፤ ዘይት ከነካው ደግሞ አይመለስም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የቦታ ነው፤ ግድግዳዬ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ደግሞስ የግፊት መቆጣጠሪያው ከማጣሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ 1

ቧንቧውን ግድግዳው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ይዘርጉት፤ በእያንዳንዱ የታችኛው መታጠፊያ ላይ ማፍሰሻ ቫልቭ ያድርጉ። ከፊቱ ተራ የአየር ማራገቢያ ቢያቆሙ ደግሞ ቅዝቃዜው ይፈጥናል። መቆጣጠሪያው ከውኃ ማጣሪያው በኋላ ይሁን፤ ውኃ ጠብታ ሆኖ የሚለየው ግፊቱ ከፍተኛ ሳለ ስለሆነ፣ ግፊቱ ከመቀነሱ በፊት ሊያዝ ይገባል።