ኤክዲስ ታይፕ ስፔሲፊክ በኪሴ ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

ካዴቱ ዘአዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የካዴትነት ጊዜዬን ጨርሼ የሦስተኛ ኦፊሰር ወረቀቴን ይዤ አዳማ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ መርከብ እየጠበኩ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ "መቼ ነው የምትሄደው" ሲለኝ ከቤት መውጣት ራሱ አስጠልቶኛል። ባለፈው ሳምንት ኤጀንቱ ደወለና አንድ በልክ ካሪየር (የጅምላ ጭነት መርከብ) አለ፣ ወረቀት ቻርት የሚባል የባሕር ካርታ የለውም፣ ሁለት ኤክዲስ (ካርታውን በስክሪን የሚያሳይ ማሽን) ነው ያለው፣ ታይፕ ስፔሲፊክ ማለትም የዛ ማሽን ሞዴል ሰርተፊኬት ካለህ ቅድሚያ ታገኛለህ አለኝ። የአምስት ቀኑን ጄነሪክ (ጠቅላላ የኤክዲስ) ኮርስ ወስጃለው። ታይፕ ስፔሲፊኩን በኦንላይን የሚሰጡ አግኝቼ ዋጋ ስጠይቅ እናቴ ከምታከራየው ክፍል የሦስት ወር ገቢ የሚያህል ነው። ልክፈል ወይ?

እውነቱን ልናገርና ካዴት እያለሁ የነበርኩበት መርከብ ኤክዲሱ አንድ ብቻ ነበር፣ ባክአፑ ወረቀት ነው፣ ሰከንዱ (ሁለተኛ ኦፊሰሩ) ደግሞ ስክሪኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፣ ስለዚ እኔ ከጀርባው ቆሜ ነው ያየሁት። ኮርሱ ላይ ሲሙሌተር ስንነዳ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ጥልቁ ውሃ መስሎኝ መርከቧን ቀጥ አድርጌ ወደዛ ሰደድኳት፣ ለካ ሰማያዊው ጥልቀት የሌለው ነው፣ ነጩ ነው የሚኬድበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዛ ደግሞ ሴፍቲ ኮንቱር (አስተማማኙን ውሃ ከአደገኛው የሚለየውን የጥልቀት መስመር) 12 ሜትር ብዬ ሞልቼ ስክሪኑ ላይ 15 ሆኖ ወጣ፣ አስተማሪው "እንደዛ ነው የሚሰራው" ብሎ አለፈው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ወይስ ማሽኑ?

አጎቴ ደግሞ በአሰብ ጊዜ መርከብ ላይ የነበረ ሰው ነው፣ "ወረቀት በሌለው መርከብ ላይ እግርህን እንዳታነሳ" እያለኝ ነው። ወረቀት በቃ አበቃለት ማለት ነው?

ሰከንድ ሐዋሳ፦
ወንድሜ በመጀመሪያ እንኳን ለወረቀትህ አበቃህ። እኔ ሰከንድ ነኝ፣ አሁን እረፍት ላይ ሐዋሳ ነኝ። አትክፈል፣ ቢያንስ ዛሬ አትክፈል። ታይፕ ስፔሲፊክ ማለት የአንድ አምራች የአንድ ሞዴል ትምህርት ነው፣ የፉሩኖ ተምረህ መርከቡ ላይ ጄአርሲ ከጠበቀህ ብርህ ሐይቅ ገባ በለው። ኤጀንቱን ደውለህ ኤክዲሱ የማን ነው፣ ሞዴሉስ ምንድነው በለው፣ ካላወቀ ለካፒቴኑ ኢሜይል ያድርግ። ደንቡን ካልከኝ ግዴታው ጄነሪኩ ነው፣ እሱ የሌለው ሰው ሰርተፊኬቱ ላይ ኤክዲስ ባለው መርከብ አያገለግልም የሚል ገደብ ይጻፍበታል። ከዛ መርከቡ ላይ ካለው ዕቃ ጋር አንተን ማስተዋወቅ በአይኤስኤም ኮድ (የመርከብ ደህንነት አስተዳደር ደንብ) የካምፓኒው ስራ ነው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ከፍለው ነው የሚያስተምሩት። "ቅድሚያ ታገኛለህ" የሚለውን ኤጀንት ሁሉ ይለዋል።

የ12 እና የ15 ነገር ግን ከሰርተፊኬቱ በላይ ሊያስጨንቅህ የሚገባው እሱ ነው፣ አስተማሪህ እንደዛ ብሎ ማለፉ አናዶኛል። አንተም ማሽኑም አላጠፋችሁም። ኢኤንሲው (ኤክዲሱ የሚያነበው ኤሌክትሮኒክ ቻርት) ውስጥ የተሳሉት የጥልቀት መስመሮች እንበልና 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 30 ናቸው። 12 የሚባል መስመር የለም። ኤክዲሱ 12 ስትለው ወደ 10 አይወርድልህም፣ ወደሚቀጥለው ጥልቅ ነው የሚሄደው ማለትም 15፣ እሱን አወፍሮ ይስለዋል ከሱ ወዲህ ያለውን በሙሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። ጭራሽ ምንም ካልሞላህ በራሱ 30 ይወስዳል።

አሁን መርከብህ 9.6 ሜትር ውሃ ውስጥ ገብታለች እንበል፣ በፍጥነት ስትሄድ የምትቀመጠው ስኳት 0.6 ያዝለት፣ ካምፓኒው ከሥሯ ቢያንስ 2 ሜትር ይኑር ካለ 12.2 መጣ። ወደብ ስትገባ ቦዩ 13 ሜትር ነው። ሕጋዊ ነህ፣ ታልፋለህ። ስክሪኑ ላይ ግን ከ10 እስከ 15 ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው፣ የ13 ሜትሩ ቦይና የ10.5 ሜትሩ አሸዋ ቀለማቸው አንድ ነው፣ አላርሙ ደግሞ ይጮሃል ዝም አይልም። ብሪጅ (መርከቡ የሚነዳበት ክፍል) ላይ ፓይለቱ ማለትም የወደቡ መሪ ያወራል፣ ቪኤችኤፍ ሬዲዮው ያወራል፣ ካፒቴኑ "ዝጉልኝ ይሄን ነገር" ይላል። ያኔ ነው ሰው ኮንቱሩን ወደ 10 የሚያወርደው ወይ ድምፁን የሚዘጋው። ከወደብ ሲወጣ መመለሱን ይረሳዋል። በቃ ይሄው ነው ታሪኩ፣ መርከብ አሸዋ ላይ የሚቀመጠው በዚህ ዓይነት ትንሽ ነገርም ነው። ቦዩ ውስጥ ቁጥሮቹን እይ፣ ሴፍቲ ዴፕዝ 12.2 ብለህ ከሞላህ ከሱ እኩል ወይ በታች የሆኑት ቁጥሮች ደመቅ ብለው ይወጣሉ ሌሎቹ ግራጫ ናቸው፣ እዛ ላይ ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምታምነው።

ኦቪት የምትባለዋን ኬሚካል ታንከር አንብብ። በሴፕቴምበር 2013 እ.ኤ.አ. ዶቨር ሰርጥ ውስጥ ቫርን ባንክ የሚባለው አሸዋ ላይ ወጥታ ለሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ አለች። መስመሩን ያወጣው ልምድ የሌለው ጁኒየር ኦፊሰር ነበር፣ መስመሩ ራሱ አሸዋው ላይ ነበር የተሰመረው፣ ራውት ቼክ የሚለው (ማሽኑ መስመሩን የሚፈትሽበት) በደንብ አልታየም፣ የአላርሙ ድምፅ አይሰራም ነበር። የእንግሊዞቹ መርማሪዎች ሪፖርት ላይ ያመመኝ ምን መሰለህ፣ ኦፊሰሮቹ እዛው መርከብ ላይ ባለው ኤክዲስ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። ሰርተፊኬት ነበራቸው ማለት ነው።

ሞጆ ገቢ ወጪ፦
እኔ እንኳን የየብስ ሰው ነኝ ከሞጆ ጅቡቲ ነው የምመላለሰው ግን ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። ስልኬ ላይ ማፑ ከአዋሽ እስከ ገላፊ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ያሳየኛል፣ ግመል ግን አንድም ቀን አሳይቶኝ አያውቅም 😂 መርከብም ያው ነው በለኛ

ሰከንድ ሐዋሳ፦
@ሞጆ ገቢ ወጪ ያው ነው ወንድሜ፣ የኛ ግመል ኤአይኤስ (መርከብ ማንነቱንና ቦታውን የሚያስተላልፍበት መሣሪያ) የሌላት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ናት። ስክሪኑ ላይ የለችም፣ ከፊትህ ግን አለች፣ ማታ ደግሞ መብራትም የላትም።

የአሰብ ልጅ፦
ልጄ ካዴቱ፣ አጎትህን ሳላውቀው አልቀርም፣ የኛ ትውልድ ነው። ናዝሬት ከሆነ ቤቱ ሰላም በልልኝ። ግን እኔ እንደሱ አልልም።

ወረቀት ወረቀት የሚሉ ሰዎች ድካሙን ረስተውታል። በየሳምንቱ ኖቲስ ቱ ማሪነርስ የሚባለው የቻርት ማረሚያ ይመጣል፣ ወደብ ላይ ጥቅሉ ሲደርስ ሰከንዱ ፊቱ ይጠቁራል። ቀጭን ጫፍ ያለው ብዕር በሐምራዊ ቀለም፣ ከላይ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ታነጥፋለህ፣ ቡዩ (ተንሳፋፊ ምልክቱ) ተነሳ ከተባለ ትሰርዛለህ አዲሱን ትስላለህ፣ ስትጨርስ ከቻርቱ ግርጌ በግራ ጥግ ቁጥሩን ትጽፋለህ። ጊዜያዊ የሆነውን በእርሳስ ነው ምክንያቱም ነገ ታጠፋዋለህ። አንዳንዱ ቻርት ተጣፍቶ ተጣፍቶ የድሮ ሱሪ ይመስል ነበር። መርከቡ እየተንገዋለለ ቀለሙ ቢንጠባጠብብህ አዲስ የመብራት ቤት ፈጠርክ ማለት ነው። አሁን ያ ሁሉ በአንድ ፋይል ገብቶ ያልቃል፣ እኔ በዚህ አልከራከርም።

የምናፍቀው አንድ ነገር ግን አለ። በእጄ ስላረምኩት ቀይ ባሕርን በጭንቅላቴ አውቀው ነበር፣ ጅቡቲ ስትገባ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች የት ጋ እንዳሉ ሳላይ እነግርሃለሁ። አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ባሕሩ ተዘርግቶ ይታይሃል። ስክሪን ግን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው፣ ጠጋ ካልክ ዙሪያው ይጠፋል፣ ራቅ ካልክ ድንጋዩ ይጠፋል።

ወረቀት አበቃለት ወይ ላልከው፣ ቻርት የሚያትሙት እንግሊዞቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ላይ በ2026 መጨረሻ አትመን አንሸጥም ብለው አስታውቀው ነበር፣ ጩኸት ሲበዛ ቢያንስ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አራዘሙት። አጎትህ ትንሽ ጊዜ አለው።

ካዴቱ ዘአዳማ፦
አባባ በጣም አመሰግናለሁ አጎቴን ሰላም እለዋለሁ። "ራቅ ካልክ ድንጋዩ ይጠፋል" ያሉት አልገባኝም ግን፣ ድንጋዩ እንዴት ይጠፋል?

ሰከንድ ሐዋሳ፦
ቃል በቃል ይጠፋል። ኢኤንሲ ውስጥ አንዳንዱ ዕቃ ከዚህ ስኬል በላይ ራቅ ካልክ አታሳየው የሚል ትዕዛዝ ተጽፎበታል፣ ስካሚን ይሉታል፣ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ነው ሀሳቡ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መስመርህን ራቅ ብለህ ከሳልክ የማይታየው ነገር ላይ ልትስለው ትችላለህ። በ2014 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ የጀልባ ውድድር ላይ የነበረችው ቬስታስ ዊንድ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ካርጋዶስ ካራሆስ ሪፍ ላይ በሙሉ ፍጥነት የወጣችው በዚሁ የዙም ጣጣ ነው፣ ያኛው እንኳን የጀልባ ሶፍትዌር እንጂ የኛ ኤክዲስ አይደለም፣ ፀባዩ ግን አንድ ነው። ስለዚ መስመር ከሳልክ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትልቁ ስኬል፣ ማለትም ጠጋ ብለህ፣ ተጎትተህ ታየዋለህ። አሰልቺ ነው። አድርገው።

ደግሞ ቻርቱ ላይ ኮከቦች ታያለህ፣ ካትዞክ (የልኬቱ ጥራት ደረጃ) ነው፣ ስድስት ኮከብ ከሆነ የተለካው ነገር ቦታው በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ትክክል ነው፣ ሦስት ኮከብ ከሆነ ግን ቦታው 500 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። 500 ሜትር! ስክሪኑ ግን ሁለቱንም እኩል አሳምሮ ነው የሚስልልህ። ወረቀት ላይ የድሮ ልኬት ቁጥሩ ሳሳ ሲል ታየዋለህ፣ እዚህ ኮከቡን ካልከፈትከው ምንም አይነግርህም።

ኔትወርኩ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና እኔ አዳማ አይቲ ነኝ። ይሄ ነገር ያው ኮምፒውተር አይደል፣ ታዲያ በየሳምንቱ አፕዴት በፍላሽ የምትሰኩ ከሆነ ቫይረስ አይገባም? የኛ ቢሮ ኮምፒውተር በአንድ ፍላሽ ነው ሁለት ቀን የተኛው 😅

ሰከንድ ሐዋሳ፦
@ኔትወርኩ ይገባል እንጂ ለምን አይገባም። ለዛ ነው ለኤክዲስ ብቻ የተለየ ፍላሽ ኖሮት መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስካን የሚደረገው። አንድ ቀን ዋች (የብሪጅ ተራ) ስረከብ አንዱ ስልኩን ኤክዲሱ ላይ ቻርጅ ሰክቶ አገኘሁት፣ ልቤ ነው የቆመው። ካዴቱ ይቺን ያዛት፣ ስልክህን እዛ እንዳትሰካ፣ ካፒቴን ካየህ ሻንጣህን ነው የምታዘጋጀው።

ፐርሚትም እየው። ቻርቶቹ የተቆለፉ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ሴል (የቻርት ቁራጭ) ፈቃድ ትገዛለህ፣ ለ3 ወር ለ6 ወር ለዓመት። ጊዜው ሲያልፍ ቻርቱ አይጠፋም፣ እንደነበረ ይታያል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልሃል እንጂ። መታየቱ ነው አደጋው፣ ሰው የሚሸወደው እዛ ላይ ነው።

ሞጆ ገቢ ወጪ፦
ጂፒኤሱስ ቢጠፋ? እኛ እንኳን መንገዱ አለ

ሰከንድ ሐዋሳ፦
ከመጥፋቱ የሚብሰው መዋሸቱ ነው። ባለፈው ኮንትራቴ ቀይ ባሕር ላይ ስናልፍ መርከባችን ስክሪኑ ላይ በረሃ ውስጥ ገብታ በስንትና ስንት ኖት ፍጥነት እየበረረች ነበር፣ ውጪ ስታይ ግን ባሕር ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ምንም የለም። ያኔ ካፒቴኑ ተረጋግቶ ራዳሩን ኤክዲሱ ላይ ደርበው አለኝ፣ የራዳሩ ምስል ከተሳለው የባሕር ዳር ጋር እንደማይገጥም በዓይኔ አየሁ። ከዛ ባብ ኤል መንደብ ስንደርስ ከፔሪም ደሴት በራዳር ርቀትና አቅጣጫ እየወሰድን በእጅ ስክሪኑ ላይ እየተከልን ወጣን። ማለትም የአሰብ ልጅ አባታችን የሚሰሩትን ስራ ነው የሰራነው፣ ልዩነቱ በእርሳስ አለመሆኑ ነው።

ትናንት አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወርጄ ጀልባ ተከራየሁ፣ ለጨዋታ ያህል ስልኬ ላይ ማፕ ከፍቼ ሳይ ውሃ መሃል ሆነን ነጥቧ የብስ ላይ ናት። ልጁን "የት ነን" አልኩት፣ ዞር ብሎ ታቦር ተራራን አየ፣ ከዛ ቄጠማውን አየ፣ "ውሃዋ ጥልቀቷ እያነሰ ነው" ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ሁለት ነገር ነው ያየው። ስልኬን አልጠየቀኝም።

የአሰብ ልጅ፦
ልጁ ሥራ ከፈለገ ቁጥሩን ያዝልኝ 😄

ካዴቱ ዘአዳማ፦
አፕዴት ልስጣችሁ። ኤጀንቱን ደወልኩለት፣ የማን ነው ስለው "ኤክዲስ ነው" አለኝ። እሱንማ አውቃለሁ የማን ነው ስለው ቆይ አለ፣ በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ፣ ጄአርሲ ነው። እኔ ልከፍልበት የነበረው ኮርስ የፉሩኖ ነበር 🙈 ካምፓኒው ከመሳፈሬ በፊት በራሱ ያስተምራል ተብሏል፣ በጽሑፍ ላክልኝ ብዬዋለሁ እስካሁን አልላከም። ሰከንድ ሐዋሳ እግዜር ይስጥልኝ፣ 15ቷንም አልረሳትም።

አጎቴን ስለ 2030 ነግሬው ምንም አላለም። ማታ ላይ ግን ሐምራዊ እስክሪብቶ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ እንዳስቀምጥ አዞኛል፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ሦስት ሱቅ ዞሬ አጣሁ።